የደሳለው የሚስጥር ስም

ባለፈው ወር ለሥራ ደባርቅ ሄጄ አንድ ትንሽ ፔንሲዮን ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ጋደም ስል አንሶላው ሸተተኝ። በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ አንሶላ ሽታ ነው፤ ሳሙናና በረኪና፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የከሰል ጭስ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅያሪ ይጠይቃል። እኔ ትራሱን አቅፌ ሳሸት ሻይ ይዛ የመጣችው ልጅ አየችኝና ግራ ተጋባች። አንሶላው ቆሽሾ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለም፣ ደህና ነው አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት?

እንደዚያ በሚሸት ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፌያለሁ። አምስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። እናቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ፔንሲዮን ልብስ አጣቢ ነበረች። ክረምት ላይ ቱሪስት አይመጣም። ሰኔ ሲጋመስ ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል ይነሳና ከተማውን ይውጠዋል፤ አስጎብኚውም በቅሎ ጫኙም ወደየእርሻው ይበተናል። ባለቤትየዋ ደግ ሴት ስለነበረች፣ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ጭቃ ከሚያቦኩ አንሶላ ክፍል ይቀመጡ አለች። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሦስት ገመድ ተወጥሮበት አንሶላ ተሰጥቶበታል፤ በሩ ገርበብ ይላል፣ ጥግ ላይ የከሰል ማንደጃ አለ። በክረምት ከደባርቅ የሚሞቀው ያ ክፍል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኛ ሦስት ነበርን። አንዷ እኔ ይታይሽ፣ በንባብ ከክፍሌ አንደኛ የምወጣና ይህንንም ሰው እንዲረሳው የማልፈቅድ ልጅ። ሁለተኛው የአክስቴ ልጅ ሀብታሙ፣ በዕድሜ በአንድ ዓመት፣ በድምፅ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ሦስተኛው ጎረቤታችን ደሳለው ነው። ደሳለው ከአክስቱ ከእትዬ ስንዱ ጋር ይኖር ነበር። አባቱ ሞቷል። እናቱ ውባለም እሱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ዐረብ አገር ሄዳለች። በየሁለትና ሦስት ወሩ በአክስቱ ስልክ ትደውልለት ነበር። ያን ዓመት ግን ከፋሲካ ወዲህ አልደወለችም። ይህን የማውቀው እናቴና እትዬ ስንዱ ልብስ ሲያጥቡ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ነው፤ እሱ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

የክረምቱ አለቃ ጋሼ አየልኝ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን ሥራው ምግብ ማብሰል ነው፤ ቱሪስቶች ተራራ ሲወጡ አብሯቸው ወጥቶ በጋዝ ምድጃ ሾርባና ፓስታ ይሠራላቸዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ የጋዝ ሲሊንደር ሲጭን በቅሎዋ ደንብራ እግሩ ላይ ጣለችው። ወጌሻው አሽቶ በቀርቀሃ አሠረውና እስከ መስከረም እንዳይንቀሳቀስ አዘዘው። ጋሼ እኛ ቤት ተኛ። መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነውና በሁለተኛው ሳምንት እናቴን ሽንኩርት አከታተፍ ማስተማር ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ፍራሽ አስይዛ ወደ አንሶላ ክፍል አዛወረችው።

እዚያ ነው አንድ ቀን ከዕቃው መካከል አንድ ካርቶን ያስመጣኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ፂማም ፈረንጆች ጉዟቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ከሁለት ጥንድ ካልሲ ጋር ሰጥተውት ነው። ውጪ በረዶ እየጣለ ሰዎቹ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው አንዱ ሲያወራ ሌላው ሲሰማ፣ ከዚያ ጠጠር ነገር ጥለው ሁለቱም ሲጮኹ አይቷል። ሾርባ ሲያቀርብላቸው ቀና ብለው አላዩትም። ከትኩስ ሾርባ የሚበልጥባቸው ነገር ምን እንደሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስብ ኖሯል።

ካርቶኑ ውስጥ ቀጭን መጽሐፍ፣ የታተመ ፎርም፣ ብዙ ጎን ያላቸው ባለ ቁጥር ዳይሶች ነበሩ። ዳይሶቹን እኛ ጠጠር ነበር የምንላቸው። መጽሐፉ ወረቀቱ የወየበ፣ ጥጉ የተበላ ይመስላል። ጋሼ በንጉሡ ጊዜ የታተመ መሆን አለበት ብሎ እጃችንን አስታጠበን። ጥጉን በጣቴ ስነካው ግን ለስላሳ ነው፤ መበላቱ ሥዕል ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ የታተመበትን ዓመት ያየሁት ቆይቼ ነው፤ መጽሐፉ ከኔ በዕድሜ ያንስ ነበር። አዲስ ነገር አሮጌ እንዲመስል ደክሞ የሚሠራ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም። በኛ ቤት የሚደከመው አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ነው።

ሽፋኑ ላይ ካባ የለበሰ ሰው ይበርራል። ካባ የሚለብስ እኔ የማውቀው ቄስና ሙሽራ ነው፤ ይህኛው ሁለቱንም አይመስልም። ክንፍ ስለሌለው መልአክ አይደለም። ከሁሉ የባሰው የውስጥ ሱሪውን ከሱሪው በላይ አድርጎ ለብሷል። ሀብታሙ ስቆ ስቆ የተሰጣ አንሶላ ላይ ወደቀና ከእናቴ ኩርኩም ቀመሰ። ጋሼ ግን ሥዕሉን በቁም ነገር ተመለከተውና፣ ሰው ሊያድን የሚሮጥ ሰው በጥድፊያ ነው የሚለብሰው፣ መስታወት አያይም አለን። አሳማኝ ነበር።

ችግሩ እንግሊዝኛው ነው። ጋሼ ፈረንጅ ሲያወራ ይሰማል፣ እሱም ይመልሳል፤ ማንበብ ግን አልተማረም። እኔ ደግሞ ፊደሉን እለያለሁ፣ የማነበው ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ እኔ እየተንተባተብኩ ድምፁን አወጣለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። "ድገሚው፤ ፈረንጅ እንደዚያ አይልም" ይላል። ሦስት አራት ዓይነት አድርጌ ስጠራለት ድንገት አንዱ ይገባዋል፣ ዓይኑን ይገልጣል። በዚህ ዓይነት አንድ ገጽ ሁለት ቀን ይፈጅብናል። ከዚያ ክረምት በፊት አስተማሪ የሚያውቅ ሰው፣ ተማሪ የማያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። እኔና ጋሼ ሁለታችንም የማናውቅ ሆነን መጽሐፍ ማንበባችን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ቀስ በቀስ ጨዋታው ገባን። እያንዳንዱ ሰው ከሰው በላይ የሆነ አንድ ኃይል ያለው ጀግና ይሆናል። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ጀግኖቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚለየው በጠጠሩ ቁጥር ነው። መሪውን ጋሼ ዳኛ ብሎ ሰየመው፣ ዳኛም ራሱ ሆነ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ታሪክ ሰማይ የሚነኩ ፎቆች ባሉበት ከተማ የሚካሄድ ነው። ጋሼ ከጎንደር ወዲያ ከተማ ስላላየ ሁሉን ወደ ደባርቅና ወደ ሊማሊሞ አመጣው። ጠላታችን ከገደሉ ሥር ዋሻ ውስጥ የሚኖር የበረዶ ሊቅ ሆነ፤ ገብሱ ሊያሸት ሲል በረዶ አውርዶ ሊያጠፋው የሚዝት። በረዶ እንዴት እንደሚያወድም የማያውቅ ልጅ በመካከላችን ስላልነበረ በጣም ነበር የምንጠላው።

ሀብታሙ ሊማሊሞ ላይ ፍሬን የበጠሰ ከባድ መኪና በደረቱ የሚያቆም ጀግና ሆነ። እኔ በጉም ውስጥ አሻግሬ አያለሁ። ደሳለው የመረጠው ኃይል ድምፅ ነው፤ ከተራራ ወዲያ፣ ከባሕር ወዲያ ላለ ሰው በቀስታ ቢናገር ይሰማዋል። ይህ ለጠብ ምን ይጠቅማል ብዬ ሳቅሁበት። ልጅ ነበርኩ፣ ግን ደደብም ነበርኩ።

አሁን ወደ ፎርሙ ልምጣ። ፎርሙ ላይ መጀመሪያ የጀግናው ስም ይጻፋል፣ ቀጥሎ ኃይሉ፣ ቀጥሎ ቁጥሮች። ከሥሩ አንድ መስመር ነበረች። እኔ አነበብኩ፣ ጋሼ ሰማ። ጀግናው ለማንም የማይናገረው ሌላ ስም አለው፤ ጠላቱ ያን ስም ካወቀ ሊያጠቃው ይችላል ይላል። ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ይህማ የክርስትና ስም ነው" አለ። "ፈረንጆቹም እንደኛ ይፈራሉ ማለት ነው።"

ለኛ ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። የክርስትና ስማችሁን ለማንም እንዳትናገሩ፣ መተተኛ እጅ ከገባ አደጋ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። የበረዶ ሊቁ መተተኛ መሆኑ ያን ጊዜ ተገለጠልን። ጋሼ ሌሎቻችን እንዳናይ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እያንዳንዳችን ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ አጣጥፈን፣ በላዩ የምንጠራበትን ስም ጽፈን ካርቶኑ ውስጥ እንድናስገባ አደረገ።  የክርስትና ስሜን በጽሑፍ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ደሳለው ከሁላችን ዘግይቶ አጥፎ አስገባ። ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

ሐምሌን በሙሉ ተጫወትን። ጠዋት ከእናቴ ጋር ውሃ እቀዳለሁ፣ አንሶላ እጨምቃለሁ፤ ከምሳ በኋላ ጉሙ ሲወርድ ዳኛው ይሰየማል። ባለቤትየዋ አንዳንዴ ትገባና በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ አንድ ጊዜ ሀብታሙ ድልድይ ሊዘል ሲል "ተው አንተ ልጅ፣ እናትህ ምን ትላለች" ብላ ጣልቃ ገብታለች። ጋሼ የመኪናውን ድምፅ፣ የጭላዳውን ጩኸት፣ የሊቁን ሳል ሁሉ ያወጣል። ሰው እንደዚያ ተሰብስቦ ሲሰማው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተራራ ላይ የእሱ ሥራ ሾርባ አቅርቦ መውጣት ነበር።

ሐምሌ ሲያልቅ ጠጠሩ ደሳለው ላይ ከፋ። ሊቁ ያዘውና በመተት ወደ ራሱ ወገን አዞረው። በመጽሐፉ ሕግ ደሳለው እስኪፈታ ድረስ የኛ ጠላት ሆኖ ይጫወታል። እኔ በጉሙ ውስጥ ሳሳድደው በድምፁ ጠርቶ ገደል አፋፍ ላይ አቆመኝ፤ ለማግስቱ ጠጠር የምጥለው አንድ ጊዜ ብቻ ቀረኝ። መሸነፍ አልወድም ነበር፣ በተለይ በማይጠቅም ባልኩት ኃይል መሸነፍ። ማታ እራት ስበላ አሰብኩበት። አሁን ጠላቴ እሱ ነው፤ ስሙን ካወቅሁ ላጠቃው እችላለሁ፣ መተቱም ይፈርሳል፣ አሸንፋለሁ፣ እሱንም አድነዋለሁ። ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት ለራሴ እንዲመች ነው።

በማግስቱ ጋሼ በምርኩዝ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ አንሶላ ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። የጋሼ ሽንት ቤት ደርሶ መልስ ረጅም ነው። ካርቶኑን ከፈትኩ፣ "ደሳለው" የሚለውን ወረቀት አወጣሁ፣ ዘረጋሁት። ምንም አልተጻፈበትም። ገለበጥኩት፣ ወደ ብርሃን አቀረብኩት። ባዶ ነው። የተሰማኝ ብስጭት ነበር። እኛ ሕጉን ጠብቀን ስንጽፍ እሱ አታለለን ብዬ ተናደድኩ።

ከሰዓት ሁላችን ስንሰበሰብ ጠጠሩን ሳልጥል ተነሳሁ። ስሙን አውቃለሁ አልኩ። ስሙ ምንም ነው፣ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ጻፍኩ ብሎ ዋሽቷል አልኩ። ከደሳለው ፊት ደም ሲሸሽ አየሁ። ያን ጊዜ ሀብታሙ፣ ለክፋት ሳይሆን አፉ ስለማይዘጋ፣ ጠየቀ።

"ክርስትና አልተነሳህም እንዴ?"

ደሳለው ተነስቶ በአንሶላዎቹ መካከል አልፎ ወጣ። ዝናብ ነበር፣ ነጠላ ጫማውን እንኳ አላደረገም።

ጋሼ ካርቶኑን ዘጋ። ከዚያ ቅርብ አስቀመጠኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ስማችሁን ያስጻፍኩ እኔ ነኝ። ያ የኔ ጥፋት ነው" አለኝ። "መክፈቱ ግን ያንቺ ነው። እኔ አልካፈልሽም።"

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። በኛ ሰፈር በፍልሰታ ልጅ ሁሉ ይጾማል፣ ነጠላውን ለብሶ ይቆርባል። ደሳለውም በየዓመቱ ከኛ ጋር ይቆርብ ነበር። ያን ዓመት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ እኛ ስንወጣ ይሄዳል። ያልተጠመቀ ሰው ቢቆርብ እሳት እንደሚሆንበት ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ቀን አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፣ ከአፌ አልወጣም። እሱ ነው የተናገረው። እናቱን በስልክ የክርስትና ስሙን ጠይቋት እንደነበር፣ ይህ በስልክ አይነገርም፣ ስመጣ በጆሮህ እነግርሃለሁ እንዳለችው ነገረኝ። ከዚያ መሬቱን እያየ ጨመረ።

"ካልመጣች ማን ያውቀዋል?"

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ለጋሼም ሁሉን ነገርኩት። ጋሼ እትዬ ስንዱን አስጠራት። እትዬ ስንዱ ደነገጠች፤ ልጁ ይህን ተሸክሞ ዝም ማለቱን አላወቀችም። መጠመቁንማ ተጠምቋል አለች፣ ግን የተጠመቀው ዳባት አካባቢ በአባቱ አገር ነው፣ እሷ ያን ጊዜ አራስ ስለነበረች አልሄደችም፣ ስሙንም ማንም አልነገራት። በዓይኔ አላየሁም እንጂ አለች፤ ውሸት የማትችል ሴት ናት። "በዓይኔ አላየሁም" የሚለውን ደሳለው በር ላይ ቆሞ ሰማ። እንግዲህ እሱን የሚያሳምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ክርስትና ያነሳው አባት። አያ ሞላ ይባላሉ አለች። በገበያ ቀን ከገጠር ወደ ዳባት እህል ይዘው ይወርዳሉ፣ ካልሞቱ።

የገበያው ቀን ሲደርስ ፍልሰታ ሊፈታ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጋሼ እግሩ ገና ነው፣ ወጌሻው ከሰማ ይጣላዋል። እናቴም ተቆጣች። ጋሼ ግን ከነምርኩዙ ሚኒባስ ተሳፈረ፣ እኛን ሦስታችንን ይዞ። እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ስላልነበረ ሀብታሙ ጭን ላይ አደረገው። ሀብታሙ እስከ ዳባት ሳይነቃነቅ ሄደ፤ ያን ያህል ዝም ያለበትን ጊዜ አላስታውስም።

የዳባት ገበያ ጭቃ ነበር። ጋሼ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠ፣ ደሳለው አጠገቡ ቀረ፤ እኔና ሀብታሙ ተራውን ተካፍለን መጠየቅ ጀመርን። እኔ የእህል ተራውን፣ እሱ ድንችና ነጭ ሽንኩርቱን። አያ ሞላን የሚያውቅ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ ሁሉም አንድ ሞላ ያውቃል፣ ግን ሁሉም ሌላ ሞላ ነው። ሰዓቱ ሄደ። ዝናቡ ሊመጣ ሲል ሰዉ ጆንያውን ማሰር ጀመረ።  ባናገኛቸው ደሳለው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ እንደሚቀር፣ የዚያም ምክንያት እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር።

ጋሼ ደሳለውን ራስህ ተጣራ አለው። ደሳለው እምቢ አለ። ሰው ሁሉ ያየኛል አለ። ጋሼ አልገፋውም፣ ምርኩዙን ይዞ ሊነሳና ጭቃው ውስጥ ሊገባ ሲል ነው ደሳለው ቀድሞት የወረደው። መጀመሪያ ለራሱ ይመስል ነበር የጠራው። ከዚያ ጮኸ፤ "አያ ሞላ" ብሎ። ሦስት ሰዎች ዞሩ። አንዱ ጎረምሳ ነው። ሁለተኛው ምን ፈለግህ ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው አጭር ሽማግሌ ናቸው፤ ጃንጥላ ይዘው ገብስ የያዘ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

ጋሼ እያነከሰ ደርሶ እጅ ነሳ፣ የመጣንበትን ተናገረ፤ ልጁ የውባለም ልጅ እንደሆነ፣ ክርስትና መነሳቱን የሚያውቅለት ሰው እንዳጣ። ሽማግሌው ከጆንያው ተነሱ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"የውባለም ልጅ? እስቲ ቀና በል ልይህ" አሉ።

ደሳለው ቀና አለ። 

"ያነሳሁህማ እኔ ነኝ" አሉት። "በኒህ እጆቼ ነው የያዝኩህ። ውሃው ሲነካህ ጩኸትህ ካህናቱን አስደነገጠ። ጧት ጧት ስጸልይ የራሴን ልጆች ጠርቼ ስጨርስ አንተን እጠራለሁ። እስከ ዛሬ ሳልጠራህ የዋልኩበት ቀን የለም።"

"በስሜ?" አለ ደሳለው።

"በስምህ ነዋ፣ ልጄ። ያለ ስም ማን ይለመንለታል?"

ሀብታሙን አየሁት፣ ሌላ ቦታ እያየ ነው። ጋሼ ምርኩዙን አጥብቆ ይዞ ቆሟል። አያ ሞላ ሰው እየበዛ መሆኑን አይተው ጋቢያቸውን ዘረጉና በራሳቸውም በደሳለውም ላይ ጣሉት። ገበያው መካከል፣ ጭቃው ላይ፣ ከአንድ ጋቢ ሥር አራት እግር ብቻ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ሥር ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ደሳለው ሲወጣ ፊቱ እርጥብ ነበር፣ ዝናቡም ጀምሮ ነበር።

አያ ሞላ ወዲያው አለቀቁንም። እስከ ዛሬ መጥቼ አለመጠየቄ ነውር ነው፣ የክርስትና አባትነት በጸሎት ብቻ አይበቃም ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ለደሳለው ያልተሸጠውን ገብስ ሊያሸክሙት ሲሉ ጋሼ በጭንቅ አስተዋቸው። ስለ እናቱ ጠየቁት፤ ከፋሲካ ወዲህ አልደወለችም አለ። ይህን ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው። ሽማግሌው ምንም ተስፋ አልሰጡትም። እሷንም እጠራታለሁ አሉ ብቻ።

 በማግስቱ ጠዋት ደሳለው ነጠላውን ለብሶ ከኛ ፊት ተሰልፎ ቆመ። እኔ ከሴቶቹ በኩል አየው ነበር። ቆርቦ ሲመለስ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ነበር፣ ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ከሰዓት አንሶላ ክፍል ተሰበሰብን። ጋሼ ከፎርሙ ላይ የሚስጥሩን መስመር በእስክሪብቶ ሊሰርዝ አወጣ። ይህ መስመር ከእንግዲህ የለም አለ። እኔም ይሰረዝ አልኩ። ደሳለው ግን አይሆንም አለ። ቁራጭ ወረቀት ለመነ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ በግራ እጁ ከልሎ ጻፈ። ረጅም ስም መሆን አለበት፣ ቆየ። ሦስት ጊዜ አጠፈው። ለጋሼ የሚሰጥ መስሎን ጋሼም እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እሱ ግን ወደኔ መጣ።

"አንቺ ያዥልኝ" አለኝ።

ያን ያህል ቀን ያልወጣልኝ ነገር ያኔ ወጣ። "ያኛውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ያንን ብትከፍቺውም እኔ አልነበርኩበትም።"

ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። እስከ መስከረም በቀሚሴ ኪስ ይዤው ዞርኩ፤ ልብስ ሲታጠብ አወጣዋለሁ፣ ስተኛ ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ፣ ብቻዬን የምሆንባቸው ብዙ ሰዓቶች ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እንዳጣጠፈው መለስኩለት። ተቀብሎ እጥፋቱን እንኳ ሳያይ ኪሱ ከተተው። የክርስትና ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።